ያለ ብዙ የሥራ ልምድ ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ማስተርስ እንዴት ማመልከት ይቻላል?

ከተመረቃችሁ ገና ዓመት አልሞላችሁም እንበል። ሲቪያችሁ ላይ «የሥራ ልምድ» ከሚለው ርዕስ ሥር ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ውጭ አገር ማስተርስ መማር ትፈልጋላችሁ፤ ፎርሙን ከፍታችሁ ግን «ልምድ የለኝም» ብላችሁ መልሳችሁ ትዘጉታላችሁ። ቆይ፣ አትዝጉት።

መጀመሪያ ልምድ የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ለዩ። ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ስኮላርሺፑ ነው። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ማለትም 2,800 ሰዓት ይፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ግን ዋናው መስፈርቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪም ማመልከት ይችላል። ስለዚህ ዘንድሮ ወደ ኢራስመስ አዘንብሉ።

ለቼቭኒንግም ቢሆን ሰዓታችሁን ቁጠሩ። የበጎ ፈቃድ ሥራና ኢንተርንሺፕ፣ ባይከፈልበትም፣ ይያዝላችኋል። ለዲግሪው ግዴታ የነበረው ኢንተርንሺፕ ግን አይገባም። በሳምንት 20 ሰዓት የሚሠራ ሰው 2,800ን የሚሞላው በ140 ሳምንት ነው። ረጅም ነው፤ ዛሬ ካልተጀመረ ደግሞ የበለጠ ይረዝማል።

አዲስ አበባ ያለ ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። የአፍሪካ ኅብረትም፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም እዚሁ ናቸው። ጉባኤ ላይ አስተናጋጅ ሆናችሁ ከነበር «በጉባኤ ተሳትፌያለሁ» ብላችሁ አትለፉት። «ለሦስት ቀን የልዑካንን ባጅ አጣርቻለሁ፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎችን ወደየአዳራሻቸው መርቻለሁ» በሉ። የሠራችሁት ያው ነው፤ አሁን ግን ይታያል።

ዋናው ፍልሚያ ያለው የማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ነው። የማውቃቸውን ልጆች ደብዳቤ ሳነብ ግማሹ «ከልጅነቴ ጀምሮ ዲፕሎማት መሆን እመኝ ነበር» ብሎ ይጀምራል። እኔ ራሴ እዚያ ላይ ማዛጋት እጀምራለሁ፤ መቶ የሚያነበው ሰውዬማ አስቡት። ይልቅ በዓይናችሁ ካያችሁት ጀምሩ። ለምሳሌ የአክስታችሁ ልጅ ቤሩት ቤት ሠራተኛ ሆና ደመወዟን ተከለከለች እንበል። አቤቱታዋን የጻፋችሁላት እናንተ ናችሁ። ከዚያ ጥያቄው ራሱ ይመጣል፦ ሠራተኛዋ በአሠሪዋ ዋስትና በምትኖርበት በከፋላ ሥርዓት ውስጥ ቆንስላ ዜጋውን እስከ ምን ድረስ መከላከል ይችላል? ፕሮግራሙ ውስጥ ይህን የሚመልስላችሁን ኮርስ በስሙ ጥቀሱ። አራት ዓመት ቢሮ ተቀምጦ ይህችን አንቀጽ መጻፍ ያቃተው ብዙ ነው።

ለድጋፍ ደብዳቤ ትልቅ ስም አታሳድዱ። መመረቂያ ጽሑፋችሁን ያማከረው መምህር ይሻላል። ጽሑፉንና የማመልከቻ ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ፣ ቀኑ ሊያልቅ ቢያንስ ወር ሲቀረው ሂዱ። አንዳንድ ፎርሞች የመምህሩን የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል እንጂ ጂሜይል አይቀበሉም፤ ቀድማችሁ ጠይቁት።

ወረቀቱ አሰልቺ ነው፤ ሰው የሚወድቀው ግን እዚህ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት የኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳ) ጉዳይ ሊያመላልሳችሁ ይችላል። ቼቭኒንግ በቅርብ ዓመታት ሐምሌ መጨረሻ ገደማ ተከፍቶ መስከረም መጨረሻ ገደማ ይዘጋል፤ የኢራስመስ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ይቀበላሉ። ክረምቱን ለወረቀት አውሉት። ፓስፖርታችሁንና ዲግሪያችሁንም ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የስማችሁን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አስተያዩ። በአንድ ፊደል ልዩነት ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተት ሰው ስንት አለ።