ፋውንዴሽኑ ዝም ሲል፦ ደሴ ሆነው ድጋፍ ለሚጠይቁ ችግርና መፍትሄ

እኛ ሰፈር የድጋፍ ደብዳቤ ሁሉ የሚጀምረው "ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ ይሆናል" ብሎ ነው። ለክፍለ ከተማ ከሆነ ደህና። የቤተሰብ ፋውንዴሽን ግን ቢሮ አይደለም። ብዙ ጊዜ አባት ወይም አያት ለበጎ ሥራ ያስቀመጡት ገንዘብ ነው። የሚወስኑት ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ይሰበሰባሉ። ብዙዎቹ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ እንኳ የላቸውም። ለቢሮ የሚጻፈውን ለቤተሰብ ስንጽፍ ነው ነገሩ የሚበላሸው። እኔም ለሰፈሬ ሰዎች ስጽፍ ብዙ ተሳስቻለሁ።

ላካችሁ፣ መልስ የለም

ደብዳቤው ስለከፋ ላይሆን ይችላል። በርካታ የቤተሰብ ፋውንዴሽኖች ራሳቸው ካልጋበዙ ማመልከቻ አይቀበሉም። ሌሎቹ ለአንድ ከተማ ወይም ለአንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ይሰጣሉ። ለዓይን ሕክምና የሚሰጥ ቤተሰብ ስለ ድልድይ ቢጻፍለት ምን ብሎ ይመልስ?

ስለዚህ ከመጻፍ በፊት አንብቡ። ፋውንዴሽኑ የአሜሪካ ከሆነ በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ 990-ፒኤፍ የሚባል ቅጽ ያስገባል። ቅጹ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ለማን ስንት እንደሰጠ በስም ተዘርዝሯል። ያልጋበዘውን ማመልከቻ የማይቀበል ከሆነም ምልክት የሚያደርግበት ሳጥን አለ። ሳጥኑ ላይ ምልክት ካያችሁ ደብዳቤውን ተዉት። ትልቁ ስጦታቸው 5 ሺህ ዶላር ከሆነ 80 ሺህ አትጠይቁ። ዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ ድርጅት ካገኛችሁ ግን በራችሁ እሱ ነው። ደውሉለት። ሰው በሰው የሚሆነው እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም።

ደግሞ አትሽቆጥቆጡ። የአሜሪካ ሕግ የግል ፋውንዴሽኖች (የቤተሰቦቹም አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ናቸው) በየዓመቱ ከሀብታቸው 5 በመቶ ገደማ ለበጎ ሥራ እንዲያወጡ ያስገድዳል። እነሱም ጥሩ ሥራ እየፈለጉ ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ማን ናችሁ፣ ምን ልትሠሩ ነው፣ ስንት ይፈጃል፣ ከእናንተ በኩል ምን አለ። ከጽሕፈት ቤት ፍላሽ የተገለበጠ ፕሮፖዛል አትላኩ። አንዴ ወጣቶች እርማት ብለው ያመጡልኝ ወረቀት ላይ የሌላ ዞን ወረዳ ስም ሦስት ቦታ ተቀምጦ አገኘሁ።

"ሕጋዊ ሰውነታችሁን አሳዩን" ተባላችሁ

ወሎ ውስጥ ሐዘኑም ልማቱም በቅሬ ነው፤ ቅሬ የእኛ አገር እድር ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ይገባል። የእኛ ቅሬ ዳኛ ይህን ጥያቄ ሳነብላቸው "ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሰው የቀበርነው ማን ሆነን ነው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን አይመለከትም። ቅሬ በዚያ አዋጅ የተመዘገበ ድርጅት አይደለም።

ለሰጪው ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአሜሪካ የግል ፋውንዴሽን ወደ ውጭ አገር ሲሰጥ ከሁለት አንዱን ማድረግ አለበት። ወይ ተቀባዩ ከአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር እኩያ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ወይ ገንዘቡን እስከ መጨረሻው ይከታተላል። ክትትሉ አስቀድሞ ማጣራት፣ የጽሑፍ ውል፣ ተለይቶ የተያዘ ሂሳብና ሪፖርት ይጠይቃል። "የተለየ ሂሳብ ክፈቱ" ሲሏችሁ አልታመንንም ብላችሁ አትቀየሙ።

መፍትሄው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚሠራ የተመዘገበ ድርጅት ማግኘት ነው። ገንዘቡ በእሱ በኩል ይግባ፣ ሥራውን ቅሬው ይምራ። በቃል ብቻ አትስማሙ። ማን እንደሚፈርም፣ ማን እንደሚገዛ፣ ድርጅቱ ለአስተዳደር ስንት እንደሚያስቀር ተጽፎ ይፈረም። የመጨረሻዋን በተለይ አትዝለሏት። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ አንዳንዱ ግን ጣሪያውን እንደ ድርሻው ይቆጥረዋል። የቅሬውን ቃለ ጉባኤና የመዋጮ መዝገብ ኮፒ አያይዙ። ለዓመታት ሳይቋረጥ የተሰበሰበ መዋጮ ከማንኛውም ፕሮፖዛል የበለጠ ይናገራል።

በጊዜው አስገብታችሁ "ዘግይቷል" ተባላችሁ

ካላንደር ነው። ኦክቶበር 15 ማለት ጥቅምት 15 አይደለም። ጥቅምት 5 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 4። ሰዓቱም ያታልላል። በዚያ ወር ኒውዮርክ ላይ ከቀትር በኋላ 5 ሰዓት ሲሆን እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ሁለት ቀን ቀድማችሁ ላኩና ተኙ።

በጀቱ አልገባቸውም

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በድሮ ምንዛሪ የተሠራ በጀት ለሰጪው ወይ የተጋነነ ወይ የተሳሳተ ይመስላል። በብርም በዶላርም ጻፉ፤ የተጠቀማችሁበትን ምንዛሪና ቀኑን ከሥሩ አስፍሩ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ፣ አንዱ ከኮምቦልቻ ይሁን። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት አቋርጦ ደሴ የሚወጣውን የመኪና ኪራይ ግን አትርሱ። እኔ ረስቼ ከኪሴ ከፍያለሁ።

አንዴ ሰጡ፣ ከዚያ ዝም አሉ

ይህ የራሴ ጥፋት ነው። ለሕፃናት ማንበቢያ ክፍል አራት የመጽሐፍ መደርደሪያ ልናሠራ ገንዘብ መጣ። የእንጨት ዋጋ ጨመረ። ሦስት አሠራንና በቀረው ወንበር ገዛን። ልጆቹ መሬት ላይ ከሚቀመጡ ብለን ነው። ማንንም አላስፈቀድንም። ሪፖርቱ ላይ ባነር ይዘን የተነሳነውን ፎቶ አበዛንበት፤ ስለ ወንበሩ ግን ዝም አልን። ደረሰኙ ግን ተናገረ። ቀጣዩን ማመልከቻ ማንም አልመለሰልንም።

ሐሳብ ሲለወጥ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት አጭር ኢሜይል ላኩ፦ "ዋጋ ጨምሯል፤ አንዱን መደርደሪያ በወንበር እንለውጥ?" ፈቃዱ በጽሑፍ እስኪመጣ ጠብቁ። ውሉ ካሰፈረው ሥራ ውጭ የዋለ ገንዘብ እንዲመለስ ሊጠየቅ ይችላል። ጥፋቱ አንዴ ከተሠራ ደግሞ እነሱ ሳይጠይቁ ቀድማችሁ ንገሩ።

እኛ ዘግይተን ነገርን። ቅሬው አዋጣና አራተኛውን መደርደሪያ አሠራ። ፎቶውን ያለ ባነር፣ ከአናጺው ደረሰኝና ከይቅርታ ጋር ላክን። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፤ የጠየቁት የልጆቹን የንባብ ሰዓት ነበር።