ሶሌኖይድ እንዴት ይሠራል? በእስክሪብቶ ቀፎ፣ በሽቦና በምስማር ሠርተን እንየው

ጠዋት ቸኩዬ መኪና ውስጥ ገባሁ። ቁልፉን ጠመዘዝኩ። «ጣጣጣጣጣ!» አለ፤ ሞተሩ ግን አልዞረም። ደግሜ ሞከርኩ። አሁንም «ጣጣጣጣጣ!» ድምፁ ራሱ ጣጣ መምጣቱን ይናገር ነበር።

የጠራሁት ባለሙያ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙም ሳያይ «ሞተሪኖው ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር ማለቱ ነው። ተቀየረ። ብሩም ወጣ። በሦስተኛው ቀን አዲሱ ሞተሪኖም እንደ ድሮው «ጣጣጣጣጣ!» አለ። ለካ የባትሪው ራስ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ጋግሮበት ኖሯል። ገመዱን ነቅዬ በሙቅ ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጌ መለስኩት። በአንድ ቁልፍ ተነሳ።

ያን ድምፅ የሚያሰማው ሶሌኖይድ የሚባለው ዕቃ ነው። የሚናገረውን ብሰማው ኖሮ ገንዘቤ ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር። ዕቃውን ለማወቅ ደግሞ ጋራዥ መግባት አያስፈልግም። አንድ ትንሽ ሶሌኖይድ ቤት ውስጥ ሠርተን እንየው።

የሚያስፈልገን

ያለቀ እስክሪብቶ፣ ከቀፎው ቀዳዳ ጠበብ ያለ የብረት ምስማር፣ ፕላስተር፣ ምላጭ ወይም ብርጭቆ ወረቀት፣ አራት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ፣ ከዚያም ሽቦ። ምስማሩን ስትመርጡ ቀፎው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ያለ ችግር መንሸራተቱን እዩ። ከተጣበቀ የሠራነው ሁሉ ከንቱ ነው።

ሽቦው የኤሌክትሪክ ሞተር የሚጠቀለልበት፣ ቀይ ቡናማ የሆነው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የተቃጠለ ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ጋ ቁርጥራጭ አይጠፋም። ከአሮጌ ትራንስፎርመር ፈትታችሁ ማውጣትም ትችላላችሁ። ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ርዝመቱ 10 ሜትር ይበቃል።

አጠቀላለሉ

መጀመሪያ የእስክሪብቶውን ቀለምና ክዳን አውጡ። ባዶ ቀፎ ይቅር። ከቀፎው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ለኩና ሁለቱን ጫፎች በፕላስተር ምልክት አድርጉባቸው። ጥቅሉ በነዚህ መካከል ይቀመጣል።

ከሽቦው አንድ ስንዝር ያህል ትርፍ ተዉና ጠቅልሉ። ዙሮቹ ጎን ለጎን፣ ተጠጋግተው ይሂዱ። አንዱ መስመር ሲያልቅ በላዩ ላይ ወደኋላ ተመለሱ፤ ግን የምታዞሩበት አቅጣጫ አይቀየር። መሀል ላይ አቅጣጫ ከቀየራችሁ ግማሹ ጥቅል የግማሹን ሥራ ያፈርሳል። ሦስት ድርብ ሲሆን 300 ዙር አካባቢ ትደርሳላችሁ። እጅ ይደክማል፣ ቁጥርም ይጠፋል። እኔ በየሃምሳው ወረቀት ላይ ጭረት አደርጋለሁ። ስትጨርሱ ሌላ ስንዝር ትርፍ ትታችሁ በፕላስተር እሰሩት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። ሽቦው ራቁቱን ይመስላል እንጂ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ያ ቅብ ባይኖር ዙሮቹ እርስ በርስ ተነካክተው ኮረንቲው በአቋራጭ ያልፍ ነበር። ሁለቱን ጫፎች ግን መዳቡ ደማቅ ሆኖ እስኪታይ ድረስ በምላጭ ፋቋቸው። ዙሪያውን በሙሉ። «አልሠራ አለኝ» ያለኝ ሰው ሁሉ ሽቦውን ሳየው ይህን የረሳ ነው።

ሙከራው

ቀፎውን ጠረጴዛ ላይ አጋድሙት። ምስማሩን ከአንዱ ጫፍ ጥቂት ብቻ አስገቡትና ተዉት። አራቱን ድንጋይ በተርታ አያይዙና የሽቦውን ጫፎች በሁለቱ ዳር ንኩ።

ምስማሩ «ሸርተት» ብሎ ይገባል። የነካው እጅ የለም፤ ሽቦው ራሱ ዋጠው። ጥቅሉ መሀል ሲደርስ ይቆማል። በሌላው በኩል አይወጣም።

ከሦስት ሰከንድ በላይ አታቆዩት። ጥቅሉ ቶሎ ይግላል፤ ቀፎውም ፕላስቲክ ስለሆነ ይለሰልሳል። ከመኪና ባትሪ ጋር ለማያያዝ ደግሞ አትሞክሩ። የሽቦው ተቃውሞ ከ1 ኦም ብዙም ስለማይበልጥ 10 አምፔር አካባቢ ያልፍበትና ይቃጠላል። የግድግዳውን 220 ቮልት ከናካቴው አታስቡት።

አሁን ድንጋዩን ገልብጡት። ፖዘቲቩ በኔጌቲቭ ቦታ ይሁን። ምስማሩ ይገፋል ብላችሁ ጠበቃችሁ? አሁንም ይስባል።

ለምን ይስባል?

በ1820 የዴንማርኩ ሳይንቲስት ኸርስቴድ ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ ያለ የኮምፓስ መርፌ ሲንቀሳቀስ አየ። ኮረንቲ ባለፈበት ሁሉ በሽቦው ዙሪያ ማግኔታዊ ኃይል ይፈጠራል ማለት ነው። የአንድ ሽቦ ኃይል ግን ትንሽ ነው። ፈረንሳዊው አምፔር ሽቦውን እንደ ቱቦ ጠቅልሎ መረመረው፤ ሶሌኖይድ ብሎ የሰየመውም እሱ ነው። ስሙ ቱቦ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

ሽቦው ሲጠቀለል የየዙሩ ኃይል ቱቦው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ይደመራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው። ጉልበቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በአንድ ሜትር ርዝመት ስንት ዙር እንዳለና ስንት አምፔር እንደሚያልፍ። በ5 ሳንቲ ሜትር 300 ዙር ማለት በሜትር 6,000 ዙር ነው። 2 አምፔር ቢያልፍበት ውስጡ የሚፈጠረው ኃይል 0.015 ቴስላ (የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ ይሆናል። የኮምፓስን መርፌ ከሚያዞረው የምድር ማግኔት 300 እጥፍ ያህል ነው። ያውም ከእስክሪብቶ ቀፎ።

ምስማሩ ከዚህ ኃይል አጠገብ ሲሆን ለጊዜው እሱም ማግኔት ይሆንና ኃይሉ ወደሚበረታበት ወደ መሀል ይሳባል። መሀል ሲደርስ ከግራም ከቀኝም የሚስበው እኩል ስለሚሆን ይቆማል። ድንጋዩን ስትገለብጡ የጥቅሉ ሰሜንና ደቡብ ይቀያየራል፤ የምስማሩም አብሮ ይቀያየራል። ስለዚህ መሳቡ አይቀርም።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሶሌኖይድ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ኮረንቲው ሲቋረጥ ብረቱን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ሞላ ነው።

ሽቦውን ከድንጋዩ ስታላቅቁ ጫፉ ላይ ትንሽ ብልጭታ አይታችሁ ይሆናል። ጥቅሉ ያጠራቀመውን ጉልበት በአንዴ ሲለቅ ነው። በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚታዘዙ ሶሌኖይዶች ላይ ብዙ ጊዜ ዳዮድ (ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) የሚጨመረው ይህ ብልጭታ ሰሌዳውን እንዳያቃጥለው ነው።

ወደ መኪናው እንመለስ

ሞተሪኖው ጀርባ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ሲሊንደር አለች። ውስጧ እኛ የሠራነው ነገር ነው፤ ጥቅል፣ ተንሸራታች ብረት፣ ሞላ። ቁልፉን ስትጠመዝዙ ኮረንቲ ወደ ጥቅሉ ይገባና ብረቱን ይስባል። ብረቱ በአንድ ጉዞ ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል የሞተሪኖውን ትንሽ ማርሽ ገፍቶ ከሞተሩ ትልቅ ባለጥርስ ክብ ብረት ጋር ያገናኛል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁለት ወፍራም የመዳብ ራሶችን ያገናኛል። ያኔ ከባትሪው በቀጥታ 100 አምፔርና ከዚያ በላይ ወደ ሞተሪኖው ይፈስሳል። ይህን ሁሉ በቁልፉ ቀጭን ሽቦ እናሳልፍ ብንል ዳሽቦርዱ ሥር እሳት ይነሳል።

ብዙዎቹ ላይ ጥቅሉ ሁለት ነው። አንዱ ብርቱ ሳቢ ነው። ሌላው ደካማ ነው፤ የተሳበውን ይዞ ያቆያል። ወፍራሞቹ ራሶች ሲገናኙ ብርቱው ሥራውን ያቆማል፣ ደካማው ብቻ ይቀራል። የእኔን «ጣጣጣጣ» ያመጣው ይህ ነው። ባትሪው ደካማ ከሆነ፣ ወይም የባትሪው ራስ ከዛገ፣ ሞተሪኖው ገና ኮረንቲ መጠጣት ሲጀምር ቮልቱ ዝቅ ይላል። ደካማው ጥቅል ብረቱን ይለቃል፤ ሞላው ይመልሰዋል። ጭነቱ ሲነሳ ቮልቱ ያገግማል፣ እንደገና ይሳባል፣ እንደገና ይለቃል። በሰከንድ ብዙ ጊዜ።

ስለዚህ ድምፁን ስሙ። «ጣጣጣጣ» ካለ መጀመሪያ ባትሪውንና የባትሪውን ራሶች እዩ። ስታጸዱ ኔጌቲቩን አስቀድማችሁ ንቀሉ። አንድ ጠንካራ «ቀጭ!» ብሎ ዝም ካለና የፊት መብራቱ ካልደበዘዘ ሶሌኖይዱ ስቧል ማለት ነው፤ ምናልባት ውስጥ ያሉት የመዳብ ራሶች ተቃጥለዋል፣ ወይም ለሚዞረው ክፍል ኮረንቲ የሚያቀብለው የሞተሪኖው ካርቦን አልቋል። ያኔ ሞተሪኖው ይፈታ ቢባል ያስኬዳል።

ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃ ሲከፍትና ሲዘጋ የምትሰሙት «ጠቅ»ም ሶሌኖይድ ነው። ኤምአርአይ መመርመሪያም እንዲሁ፤ ሰው የሚተኛበት ትልቅ ቱቦ በራሱ ጥቅል ነው፣ ብዙዎቹ 1.5 ቴስላ ናቸው። የእኛን እስክሪብቶ 100 እጥፍ መሆኑ ነው። በር ላይ ብረት ያለበት ሰው እንዳይገባ የሚከለክሉትም ለዚህ ነው።

ቁልፉ ተጠምዝዞ ምንም ድምፅ ከሌለስ? መብራቱ ደህና ከሆነ ሶሌኖይዱ ትእዛዙ አልደረሰውም። ፊውዝ፣ ሪሌ (በኮረንቲ የሚታዘዝ ማብሪያ)፣ የቁልፉ ማብሪያ፣ ቀጭኗ ሽቦ እያላችሁ ፈትሹ። አውቶማቲክ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ማርሹን እዩ፤ ዲ (መንጃው) ላይ ከሆነ አይነሳም። ዲ ላይ ትቼው ኮፈን ከፍቼ ሃያ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆሜ አውቃለሁ።