ከወሎ ሆኖ በኢንተርኔት ለመሸጥ፦ የድረ ገጽ መሥሪያ አመራረጥ

ድረ ገጽ ልክፈት ብሎ የሚነሳ ነጋዴ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው የገጹን መልክ ነው። ደሴ ላይ የባህል ልብስ የሚሸጠውም፣ ከላስታ ማር አሽጎ የሚልከውም፣ ኮምቦልቻ ላይ የቤት ዕቃ የሚሠራውም እንዲሁ። መልኩን በኋላ ማሳመር ይቻላል። ቀድሞ መታየት ያለበት ገንዘቡ ነው። ድረ ገጹ ለሚሠራበት መድረክ የሚጠየቀውን ከዚህ ሆኜ መክፈል እችላለሁ? ደንበኛዬስ በቴሌብር ወይም በባንክ ሊከፍለኝ ይችላል? ለሁለቱም «አዎ» የማይል መድረክ የቱንም ያህል ቢያምር ወሎ ላለ ትንሽ ነጋዴ አይሆንም።

ሾፒፋይ፣ ዊክስና ስኩዌርስፔስ የሚባሉት የውጭ የድረ ገጽ መሥሪያዎች ክፍያቸው በዶላርና በካርድ ነው። ተራው የብር ኤቲኤም ካርድ እዚያ አይሠራም። ለውጭ ክፍያ የሚያገለግል ካርድ ከባንክ ማውጣት ወይም ውጭ ያለ ዘመድ እንዲከፍል ማድረግ ያስፈልጋል። ዘመድ የሚከፍል ከሆነ አካውንቱ በእርስዎ ኢሜይልና ስልክ ይከፈት፤ የእሱ የሚሆነው ካርዱ ብቻ ነው። አካውንቱ በዘመድ ስም ከተከፈተ፣ የይለፍ ቃል በጠፋ ቀን ሱቁን ማስመለስ የሚችለው እሱ ብቻ ይሆናል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚተመን የዶላሩ ሂሳብ ባይጨምርም በብር ሲታሰብ ከወር ወር እንደሚለያይም ይያዙት።

የሾፒፋይ መነሻ የሱቅ ዕቅድ በወር ከ30 እስከ 40 ዶላር ገደማ ነው። የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ አገልግሎት ኢትዮጵያ ውስጥ ስለማይሠራ በሌላ የክፍያ አገናኝ (የደንበኛውን ክፍያ ተቀብሎ ወደ ሂሳብዎ በሚያስገባ ድርጅት) በኩል ሲሸጡ በመነሻው ዕቅድ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 2 በመቶ ይቆርጣል። የ4,000 ብር ጋቢ ሲሸጥ 80 ብሩ ለሾፒፋይ ሄደ ማለት ነው፤ የክፍያ አገናኙ የሚቆርጠው ደግሞ ለብቻው ይታሰባል።

ደንበኛ ለእርስዎ የሚከፍልበትን በር ስንመለከት፣ ስትራይፕ የሚባለው የውጭ የክፍያ አገልግሎት ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ንግድ አካውንት አይከፍትም፤ በኢትዮጵያ የተከፈተ የፔይፓል አካውንትም ገንዘብ መቀበል አይችልም። ስለዚህ ትምህርት ሰጪ ቪዲዮዎች ላይ «ስትራይፕን አገናኙ» የሚለው ምዕራፍ እዚህ አይሠራም። የሚሠሩት እንደ ቻፓ፣ ሳንቲምፔይና አሪፍፔይ ያሉ የአገር ውስጥ አገናኞች ናቸው። ለመመዝገብ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ሂሳብ ይዘው ይጠብቁ። ማርም ሆነ ጥልፍ ውጭ ላሉ የወሎ ልጆች ለመሸጥ ካሰቡ፣ ውል ከመፈረምዎ በፊት አገናኙ የውጭ ካርድ ይቀበል እንደሆነና ገንዘቡ በስንት ቀን ወደ ሂሳብዎ እንደሚገባ በጽሑፍ ያስመልሱ።

የትኛው ለማን ይሆናል

ዕቃዎ ከ15 ዓይነት የማይበልጥ ከሆነና ደንበኛዎ ደውሎ ወይም በቴሌግራም አውርቶ የሚገዛ ከሆነ፣ ዘንቢልና መክፈያ ያለው ሱቅ አያስፈልግዎትም። ቀላል ገጽ የሚሠራበት ጉግል ሳይትስ ነፃ ነው፤ የሚጠይቀው የጂሜይል አካውንት ብቻ ነው። ፎቶ፣ ዋጋ፣ ስልክ፣ የቴሌግራም ሊንክና የቴሌብር ነጋዴ ቁጥርዎን በአንድ ገጽ ላይ ያስቀምጡ፤ የራስዎ ዶሜይን (እንደ ዶት ኮም ያለ የድረ ገጽ ስም) ካለም ይገናኛል። የሱቅዎን ቦታ ጉግል ካርታ ላይ ለብቻው ያስመዝግቡ። ከዚያው የካርታ ምዝገባ ጋር በነፃ ይሰጥ የነበረው ድረ ገጽ ግን በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ስለተዘጋ የቆዩ መመሪያዎችን አይቶ እሱን መፈለግ ድካም ነው።

ዊክስ ለአጠቃቀም ቀላል ነው፣ ለሱቅ ግን አንመክረውም። ክፍያው በዶላር ነው፤ ማስተካከያው ገጽ ከባድ ስለሆነ ኔትወርክ ሲዋዥቅ ሥራው መሃል ላይ ይቆማል፤ ዋናው ችግር ደግሞ የሠሩትን ገጽ እንዳለ አውጥተው ወደ ሌላ ሆስቲንግ (ድረ ገጽ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) መውሰድ አለመቻልዎ ነው። ስኩዌርስፔስም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሾፒፋይ የሚያዋጣው ገዢዎችዎ በአብዛኛው ውጭ ከሆኑና እዚያ በሕግ የተመዘገበ ድርጅትና የባንክ ሂሳብ ያለው ሸሪክ ካለዎት ነው። እንዲህ ከሆነ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፤ መስተካከልና መጠገን የሚፈልግ ነገር የለውም።

ለቀሩት፣ ማለትም ለአብዛኛው የወሎ ነጋዴ፣ የምንመክረው ዎርድፕረስ የሚባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ፣ ሱቅ ከሚጨምርለት ከውኮመርስ ጋር ነው። ሁለቱም ሶፍትዌሮች ነፃ ናቸው፤ የሚከፈለው ለሆስቲንግና ለዶሜይን ሲሆን ይህንን በብር የሚሸጡ የአገር ውስጥ ድርጅቶች አሉ። ቻፓ ለውኮመርስ የተዘጋጀ ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ስላለው ፕሮግራመር ሳይቀጠር ይገናኛል። ጉድለቱ ጥገናው የእርስዎ መሆኑ ነው፦ ማዘመንና መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ። በሳምንት ግማሽ ሰዓት የሚሰጠው ሰው ከሌለ ሱቁ ውሎ አድሮ ይሰበራል።

ሆስቲንግ ሲገዙ

ለሻጩ እነዚህን ይጠይቁት፦ ፒኤችፒ (ዎርድፕረስ የተሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ) 8 ወይም ከዚያ በላይ ነው? የማስታወሻ (ሜሞሪ) መጠኑ 256 ሜጋባይት ይደርሳል? ውኮመርስ የሚመክረው ይህን ያህል ነው፤ በ64 ሜጋባይት ላይ ሲጫን ገጹ ላይከፈት ይችላል። ኤስኤስኤል (የደንበኛው መረጃ በመንገድ እንዳይነበብ የሚቆልፈው) በነፃ ይሰጣል? መስጠት አለበት፣ ለብቻው የሚያስከፍል ካለ ይተውት። ሲፓነል (ሆስቲንጉን የሚያስተዳድሩበት ገጽ) አለው? የሁለተኛው ዓመት ዋጋ ስንት ነው? ርካሽ ሆኖ የሚታየው የመጀመሪያው ዓመት ሲሆን እድሳቱ እጥፍና ከዚያ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ቦታ 5 ጊጋባይት ለትንሽ ሱቅ ይተርፋል፤ «ያልተገደበ» ለሚል ማስታወቂያ ተጨማሪ አይክፈሉ።

ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው። ዶት ኢቲ የሚፈልግ ሰው ኢትዮ ቴሌኮምን ይጠይቅ። ድረ ገጽ የሚሠራልዎት ባለሙያ ዶሜይኑን በራሱ ስም እንዳያስመዘግብ። በወሎ ከተሞች በብዛት የሚያጋጥመው ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ባለሙያው አዲስ አበባ ይሄዳል ወይም ስልክ ይቀይራል፣ የሱቁ ስም አብሮት ይሄዳል። ምዝገባው በእርስዎ ስምና ኢሜይል መሆኑን ዓይተው ክፍያውን ይጨርሱ። አዲስ የተመዘገበ ዶት ኮም ለ60 ቀን ወደ ሌላ መዝጋቢ (ዶሜይን የሚመዘግብ ድርጅት) ስለማይዛወር መዝጋቢውን ከመጀመሪያው ይምረጡ።

ሱቁን ሲያቋቁሙ

ከሲፓነል ዎርድፕረስን ይጫኑ፣ ከዚያ ውኮመርስን። ገንዘቡን የኢትዮጵያ ብር፣ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ያድርጉ። ሳንቲም የሚያሳየውን የአሥርዮሽ ቁጥር ወደ 0 ይመልሱ፤ አለበለዚያ ሁሉም ዋጋ ላይ ነጥብና ሁለት ዜሮ ይጨመርበታል፣ 3500 ብርም በትንሽ ስልክ ላይ 350000 መስሎ ይነበባል። ለገጽታ (የሱቁን መልክ ለሚወስነው ዝግጁ ንድፍ) ስቶርፍሮንትን የመሰለ ቀላል ነፃ ገጽታ ይበቃል። ከቴሌግራም የወረደ «ነፃ የተደረገ» የሚከፈልበት ገጽታ ፈጽሞ አይጫኑ፤ ውስጡ ብዙ ጊዜ ጎጂ ኮድ አለበት።

የክፍያ አድራሻው ቅጽ ለአሜሪካ ታስቦ የተሠራ ነው። የፖስታ ኮድ አስገዳጅ ሆኖ ከቀረ ደንበኛው እዚያ ይቆማልና ያጥፉት። ስልክን አስገዳጅ ያድርጉ፤ በ09ም በ07ም የሚጀምር ቁጥር መቀበሉን ይሞክሩ። ማድረሻውን በሦስት አማራጭ መከፋፈል ይበቃል፦ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በባጃጅ ወይም በሞተር፣ ወደ ሌላ ከተማ በአውቶቡስ ተልኮ ከመናኸሪያ የሚወሰድ፣ በፖስታ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ ለሚላክ ዕቃ ደንበኛው የታርጋ ቁጥርና የሹፌር ስልክ የሚደርሰው በምን እንደሆነ ገጹ ላይ ይጻፉ። ሰዓት ሲጽፉም «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብለው በቃል ይግለጹት፤ ሲስተሙ በራሱ የሚያትመው የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ሁለቱ ሲደባለቁ ደንበኛ መናኸሪያ ቆሞ ይውላል።

በእጅ የሚሠራ ዕቃ ሁለት አንድ ዓይነት የለውም። የባቲ ጌጥ ወይም ልዩ ጥልፍ ከሆነ የክምችት መቆጣጠሪያውን አብርተው ብዛቱን 1 ያድርጉ፤ ካላደረጉ አንዱን ዕቃ ለሁለት ሰው ሸጠው አንዱን ማሳዘንዎ አይቀርም። በጥለት ቀለም ብቻ የሚለያይ ነጠላ ግን አንድ ዕቃ ሆኖ ቀለሙ ምርጫ ይሁን።

ከፍሎ ትዕዛዙ የጠፋበት ደንበኛ

ይህ በሰፊው መነገር ያለበት ነው፤ የደንበኛን እምነት እንደዚህ የሚያበላሽ ነገር የለም። ውኮመርስ ክፍያው ያልተረጋገጠ ትዕዛዝን ለ60 ደቂቃ ይዞ ይቆይና በራሱ ይሰርዘዋል። ደንበኛው በቴሌብር የሚስጥር ቁጥሩን አስገብቶ ገንዘቡ ተቀንሶ ወደ ሱቁ ገጽ ከመመለሱ በፊት ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ ሱቁ መከፈሉን አያውቅም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ትዕዛዙ ይሰረዛል፤ ገንዘቡ ግን ከደንበኛው ሂሳብ ወጥቷል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። በክፍያ አገናኙ ገጽ ላይ ዌብሁክ የሚባለውን አድራሻ ይሙሉ፤ ያኔ የደንበኛው ስልክ ቢጠፋ እንኳ አገናኙ በቀጥታ ለሱቁ «ተከፍሏል» ብሎ ይነግረዋል። ብዙ ሰው ፕለጊኑን ጭኖ፣ አገናኙ የሚሰጠውን የመለያ ኮድ (ቁልፎቹን) አስገብቶ ይህችን አንዷን ቦታ ባዶ ይተዋታል። ሁለተኛ፣ በክምችት ማስተካከያው ውስጥ 60 የሚለውን ወደ 1440 ይቀይሩ፤ አንድ ሙሉ ቀን ማለት ነው። ከዚያ በራስዎ ስልክ በ10 ብር ይግዙ፤ የሚስጥር ቁጥሩን እንዳስገቡ ዳታውን ያጥፉና ትዕዛዙ «በሂደት ላይ» ወደሚለው በራሱ መዞሩን ይመልከቱ። ካልዞረ ዌብሁኩ አልተገናኘም።

በባንክ ዝውውር ለሚከፍሉ ሰዎች ውኮመርስ ትዕዛዙን «በመጠባበቅ ላይ» አድርጎ ያስቀምጠዋል። በቴሌግራም የተላከ የደረሰኝ ፎቶ በስልክ የተቀየረ ሊሆን ስለሚችል የራስዎን ሂሳብ ሳያዩ ዕቃ አይላኩ።

የግዕዝ ፊደል ጉዳይ

የዕቃውን ስም በአማርኛ ሲጽፉ ዎርድፕረስ የገጹን አድራሻ ከስሙ ይሠራል። በአድራሻ ውስጥ አንዱ የግዕዝ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። «በእጅ የተፈተለ የደሴ ጋቢ ባለ ቀይ ጥለት» 20 ፊደል ነው፤ ከመለያያ ሰረዞቹ ጋር 186 ምልክት ይወጣዋል። ጣሪያው 200 ስለሆነ ከ22 ፊደል በላይ የሆነ ስም መሃሉ ላይ ይቆረጣል፣ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍም የመቶኛ ምልክትና ቁጥር የሞላበት ረጅም ጅራት ሊሆን ይችላል። ስሙን በአማርኛ ይተዉት፤ ከስሙ ሥር ያለውን የአድራሻ ሳጥን ግን በአጭር የላቲን ፊደል ይሙሉት። ዕቃው ከተለቀቀና ሊንኩ ከተሰራጨ በኋላ አይቀይሩት።

የሱቁ ውስጥ ፍለጋ ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀን እንደ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ነው የሚያያቸው። ደንበኛው «ሀር» ብሎ ቢፈልግ «ሐር» ተብሎ የተጻፈው አይመጣለትም። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ሌላውን አጻጻፍ፣ በላቲን የሚጻፈውንም ጭምር፣ በዕቃው አጭር መግለጫ መጨረሻ ላይ ይጨምሩ። መለያ ቃል በሚለው ሳጥን ውስጥ ማስገባት አይጠቅምም፤ የዎርድፕረስ መደበኛ ፍለጋ እዚያ አይደርስም።

ለአማርኛ ተጨማሪ የፊደል ቅርጽ ከኢንተርኔት መጫን አያስፈልግም። አንድሮይድ ስልኮች የራሳቸው አላቸው፤ ገጽታው ላይ «የስልኩን ፊደል ተጠቀም» የሚለውን መምረጥ ገጹን ያቀልለዋል። የመስመሩን ርቀት ግን ወደ 1.7 ከፍ ያድርጉ፤ ለላቲን የተለካው መስመር ለግዕዝ ይጠባል።

ፎቶና የደንበኛ ሞባይል ዳታ

ከስልክ የወጣ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። አንድ ገጽ ላይ 20 እንደዚህ ያለ ፎቶ ቢደረደር ደንበኛው ለማየት ብቻ 80 ሜጋባይት ይጨርሳል፤ ሳይጨርስ ይዘጋዋል። እያንዳንዱን ፎቶ ከመጫንዎ በፊት ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል ያሳንሱ፣ ዌብፒ በሚባለው ዓይነት ያስቀምጡ፣ ከ150 ኪሎባይት አይለፍ። ስኩሽ የሚባለው የጉግል መሣሪያ በብራውዘር ውስጥ ይሠራል፣ ነፃም ነው። ጋቢና ነጠላ በፀሐይ ቀጥታ ብርሃን ሲነሱ ነጩ ይቃጠልና ሽመናው አይታይም፤ በር ሥር፣ ጥላ ላይ ያንሱ፣ አንዱ ፎቶ ጥለቱን በቅርብ ያሳይ።

ከመክፈትዎ በፊት

ገጹ ላይ የንግድ ስምዎ፣ አድራሻዎ፣ ስልክዎና ዕቃ የሚመለስበት ደንብ ይኑር። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል፤ የደንበኞችን ስልክ ለማስታወቂያ ለሌላ ሰው አያሳልፉ።

መጠባበቂያ ቅጂ በየሳምንቱ ወደ ጉግል ድራይቭ እንዲሄድ ያድርጉ፤ አፕድራፍትፕላስ የሚባለው ፕለጊን በነፃ ይሠራዋል። ቅጂው ከሆስቲንጉ ጋር አንድ ቦታ ከተቀመጠ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ የዕቃዎቹን ዝርዝር በሲኤስቪ (በሠንጠረዥ ፋይል) አውርደው በኮምፒውተርዎ ያስቀምጡ፤ ነገ ወደ ሾፒፋይም ሆነ ሌላ መድረክ መሄድ ቢፈልጉ የሚያስፈልግዎ ፋይል ይህ ነው። አብሽሩ፣ የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው።

በመጨረሻ ዋይፋዩን አጥፍተው፣ ዋጋው ዝቅ ባለ አንድሮይድ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ሱቁን ይክፈቱት። ዋናው ሥዕል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ካልታየ ወደ ፎቶዎቹ ይመለሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው። ከታየ አንድ ዘመድ ሳይመሩት አንድ ዕቃ ገዝቶ እንዲከፍል ይንገሩት፣ የቆመበትን ቦታ ሁሉ ይመዝግቡ፤ እነዚያ ቦታዎች ሳይስተካከሉ ሊንኩን በቴሌግራም ቻናልዎ ላይ አይለጥፉ።