የፋርስ ወታደሮቼ ቀለም በመጨረሻ መልክ ያዘ

ቀለም የምቀባቸው ባለ 28 ሚሊሜትር ትናንሽ የጥንት ፋርስ ወታደር ምስሎቼ ቀለም ሲያስቸግረኝ ነው የከረመው። አንዱ ሥዕል ሁሉንም ሐምራዊ ያለብሳቸዋል፣ ሌላው ቡናማ ብቻ። መፍትሔው በልብሳቸው ለሁለት መክፈል ሆነ።

ረጅም ቀሚስ የለበሱትን ከጥንቷ የፋርስ ከተማ ከሱሳ ቤተ መንግሥት የወጡትን፣ የቀስተኞች ምስል ያለባቸውን ባለቀለም ጡቦች እያየሁ ቀባሁ። የፋርሱ ንጉሥ የቀዳማዊ ዳርዮስ ዘመን ሥራ ናቸው፤ አሁን ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም አሉ። ቀሚሱ ቢጫና ነጭ ነው፣ በትናንሽ አበባ ያጌጠ። ቢጫውን ግን ወደ ሰናፍጭ ወሰድኩት፣ ምክንያቱም ጡብ ላይ የተጋገረ ቀለምና የተነከረ ጨርቅ እኩል አያበሩም።

ሱሪ ለባሾቹ ሌላ ናቸው። ለእነሱ እ.ኤ.አ. በ1887 ሊባኖስ ውስጥ ሲዶን የተገኘውና ኢስታንቡል የሚገኘው፣ የእስክንድር የሚባለው የእብነ በረድ ሬሳ ሣጥን ይሻላል፤ የቀይ፣ የሰማያዊ፣ የቢጫና የሐምራዊ ቀለም ቅሪት አለበት። ሐምራዊውን ለአለቆች ብቻ አደረግኩት፣ ውድ ቀለም ነበርና።

ልብ የሚያደርቁት አበባዎቹ ናቸው። መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ ነጥብ፣ እሱ ደህና አድርጎ ሲደርቅ ደግሞ ዙሪያውን በስቴኪኒ ጫፍ ነጭ ጠብ ጠብ ማድረግ። ትንሽ ራቅ ብለው ሲያዩት በጣም ያምራል!

የጦሩ ግርጌ ላይ ያለችው የሮማን ፍሬ ቅርጽ ብር ትሁን። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው «የማይሞቱት» ከሚባሉት 10,000 ምርጥ የፋርስ ወታደሮች ውስጥ 9,000ዎቹ የብር፣ 1,000ዎቹ የወርቅ ሮማን ነበራቸው፣ ወርቆቹም ሌሎቹን ዙሪያውን ይከቡ ነበር። ስለዚህ ከአሥር አንዱን ወርቅ ቀብቼ ዳር ዳር አቆምኳቸው።