አዲስ የኮራል አኳሪየም ላይ አልጌ ሲወርር ምን ይደረግ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

አዲስ የጨው ውሃ አኳሪየም፣ ማለትም ኮራል የሚባለው የባህር እንስሳ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ፣ ያቆመ ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር ነው፣ መጀመሪያ አሸዋው ቡናማ ይሆናል፣ ከዛ ድንጋዩ አረንጓዴ ይለብሳል፣ ከዛ ቀይ ዝልግልግ ነገር ይመጣል፣ እዚህ ጋ አብዛኛው ሰው ይደነግጥና በአንድ ቀን ግማሹን ውሃ ይቀይራል ላይት ያጠፋል መድኃኒት ይደፋል ሁሉንም አንድ ላይ። ኧረ ተረጋጉ። ድንጋዩም አሸዋውም ገና ባዶ ስለሆነ ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል፣ ነገሩ ይሄ ነው፣ ጥሩው ባክቴሪያና ኮራሊን የሚባለው ሮዝ አልጌ ቦታቸውን እስኪይዙ ወራት ይፈጃል። የናንተ ስራ የትኛው እንደወጣ ለይቶ ለሱ የሚሆነውን ብቻ ማድረግ ነው፣ ምክንያቱም አንዱን የሚያጠፋው ነገር ሌላውን ያፋፋዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ውሃችሁን እዩ። የኛ ተራራ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ከሱ ስር የሚወጣ ውሃ ሲሊኬት የሚባል ከድንጋይ የሚሟሟ ማዕድን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ለመጠጥ ምንም አይልም ለአኳሪየም ግን የቡናማው አልጌ ቀለብ ነው። ማፍላት አያወጣውም፣ እንደውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። ክሎሪን የሚያጠፋው ጠብታም ሲሊኬትና ናይትሬት (ይሄም የአልጌ ምግብ ነው) አይነካም። የሚያስፈልገው ዲአይ (የቀረውን ማዕድን የሚይዝ ሬዚን) ያለው አርኦ ማጣሪያ (ውሃን በቀጭን ሽፋን የሚያጣራ) ነው፣ የወጣው ውሃ በውስጡ የሟሟውን በሚለካው ቲዲኤስ ሜትር ላይ 0 ማለት አለበት። ሰው የሚረሳው ደግሞ በየቀኑ የሚተነውን የሚተካውን ውሃ ነው፣ ጨው ስለማይተን የምትተኩት ጨው አልባ ውሃ ነው፣ እሱን ከቧንቧ ከቀዳችሁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቆሻሻ እየቆለላችሁ ነው ማለት ነው። የባትሪ ውሃ ብለው የሚሸጡትን ተዉት፣ አንዳንዱ አሲድ አለበት። ጨውም ከአፋር የመጣው ለወጥ ነው፣ ኮራል ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለበት የአኳሪየም ጨው ነው የሚፈልገው፣ ልኩም 35 ፒፒቲ፣ ማለትም በአንድ ኪሎ የጨው ውሃ ውስጥ 35 ግራም ጨው።

እሺ፣ ቡናማው። አሸዋና መስታወት ላይ አቧራ መስሎ የሚቀመጥ ሲጠርጉት ብን የሚል ከሆነ ዳያቶም ነው፣ መስታወቱን ጥረጉና ተዉት፣ ውሃው ንጹህ ከሆነ ሲሊኬቱን ጨርሶ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይሄዳል።

ትልቁ ራስ ምታት አረንጓዴው ፀጉር አልጌ ነው። የሚበላው ከተረፈ ምግብና ከዓሳ ኩስ የሚመጡትን ናይትሬትና ፎስፌት ነው፣ የውሃ መመርመሪያው ቴስት ኪት ዜሮ ቢላችሁም አትታለሉ፣ ከውሃው እየነጠቀ የሚበላው እሱ ስለሆነ ነው ዜሮ የሚያሳየው። በእጅ መንቀል ግድ ነው፣ ይሄን ለማምለጥ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው መጨረሻው አያምርም። ፓምፑን አጥፉ፣ በአንድ እጅ ንቀሉ በሌላው እጅ ቀጭን ጎማ ይዛችሁ የተነቀለውን ወዲያው ወደ ባልዲ ሳቡት፣ አለዚያ ቁርጥራጩ ሄዶ ሌላ ቦታ ይተከላል። የሚወጣ ድንጋይ ከሆነ ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ባልዲ ውስጥ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ ሥሩ አልለቅም ካለ ከፋርማሲ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ገዝታችሁ አልጌው ላይ ብቻ ጠብ አድርጉ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይታችሁ በጨው ውሃ አለቅልቃችሁ መልሱ። ኮራል አይንካው።

ከዛ ቀለቡን መቀነስ። ምግብ በቀን አንዴ፣ ዓሳው በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ብቻ፣ በረዶ የሆነ ምግብ ከሆነ አቅልጣችሁ ውሃውን ድፉት። ላይት በቀን 7 ሰዓት ይበቃል፣ ለምሳሌ ከቀኑ 7 እስከ ምሽቱ 2 አድርጉት ከስራ ስትመለሱም ታዩታላችሁ፣ ነጩንና ቀዩን ቀንሱና ሰማያዊውን ተዉት። መስኮት አጠገብ ከሆነ መጋረጃ። በሳምንት 10 ፐርሰንት ውሃ ቀይሩ። ናይትሬት በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ከሆነ በቃ፣ ዜሮ እናድርገው እንዳትሉ።

ቀዩ ዝልግልግ እንደ ጨርቅ ተገፎ የሚነሳው ሳያኖ ባክቴሪያ ነው፣ ውሃ የማይንቀሳቀስበት ጥግ ይወዳል፣ በጎማ ሳቡትና ፓምፑን ወደዛ አዙሩት። አንቲባዮቲክ የሚጨምሩ አሉ፣ ገና ባክቴሪያው ያልጠና አዲስ አኳሪየም ላይ እኔ አልመክርም።

ዜሮ አታድርጉት ያልኩት በዳይኖ ምክንያት ነው። ዳይኖፍላጀሌት ቡናማ ንፍጥ የሚመስል ክር ክር ሆኖ አረፋ አዝሎ የሚንጠለጠል፣ ማታ ጠፍቶ ቀን የሚመለስ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሰው አጽድቶ አጽድቶ ናይትሬትና ፎስፌቱን ባዶ ሲያደርገው ነው። ከዳያቶም ለመለየት ትንሽ በጠርሙስ ያዙና በደንብ ናጡት፣ በቡና ማጣሪያ ወረቀት አጥልሉና የጠለለውን ላይት ስር አንድ ሰዓት ተዉት፣ ተመልሶ ክር ከሰራ ዳይኖ ነው። መርዝ ያለው ዓይነት ስላለ ጎማውን በአፍ አትሳቡ፣ እጃችሁንም ታጠቡ። እዚህ ህጉ ይገለበጣል፣ ውሃ መቀየር አቁሙ፣ ፎስፌት የሚመጠውን ማጣሪያ አውጡ፣ ምግብ ጨምሩ፣ ዩቪ (ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈውን በጨረር የሚገድል መብራት) ካላችሁ አስገቡ። ለ3 ቀን ላይት አጥፍቶ መሸፈንም ይረዳል ግን የኛ ሰው እዚህ ጋ ይጠንቀቅ፣ ደሴ ወደ 2500 ሜትር ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፣ ደሴ ላይ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከባህር ጠረፉ ሩብ ያህል ያንሳል፣ በጨለማ ደግሞ ኦክስጅን የሚያወጣ የለም የሚሞተው አልጌም ያለውን ይበላል። ስለዚህ በጋቢም በጥቁር ላስቲክም ሸፍኑት ግን ከላይ አየር ይግባ፣ የአየር ፓምፑ ሌት ተቀን ይሥራ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ የባትሪ ፓምፕም ይኑር።

ቀንድ አውጣ አልጌ ይበላል እውነት ነው፣ ግን ከሐይቅ ለቅማችሁ እንዳታመጡ፣ የጣፋጭ ውሃ ስለሆነ ጨው ውስጥ ይሞትና ራሱ ለአልጌው ምግብ ይሆናል። ትሮከስ የሚባለውን የባህር ቀንድ አውጣ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ ሲገለበጥ ራሱን ያቃናል። ጥቂት ብቻ አስገቡ፣ ዳይኖ ካለ ደግሞ እስኪጠፋ ቆዩ፣ መስታወቱ ሲጠራባቸው ጾም እንዳያድሩ ቁራጭ ኖሪ (የደረቀ የባህር አልጌ) ድንጋይ ላይ በላስቲክ አስራችሁ አኑሩላቸው፣ ያልበሉትን በማግስቱ አውጡት።