ከጠላት ጋር የምትዋዋል የመንኮራኩር አዛዥ፦ ታሪኳ እንዴት ይጻፋል

የመንኮራኩር አዛዥ ከሚያሳድዳት ጠላት ጋር ውል የምትገባበትን ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ጠላቱን ቶሎ ወዳጅ ማድረግ ነው። ለመጻፍ ከመቀመጣችሁ በፊት አንድ ምሽት ሐረር ላይ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ጅብ ሲቀለብ እዩ። ጅቡ በስሙ ሲጠሩት ይመጣል። ሥጋውን ከአጭር እንጨት ጫፍ ይወስዳል፤ አንዳንዴም ቀላቢው እንጨቱን በጥርሱ ይዞለት። ገመድ ግን የለውም፤ ሲበቃው ወደ ጨለማው ይመለሳል። ማስታወሻ ላይ አስፍሩ፦ መጀመሪያ ስንት እርምጃ ርቆ ይቆማል? ሰው ድንገት ሲነሳ ምን ያህል ያፈገፍጋል? ከመካከላቸው ቀድማ የምትበላው የትኛዋ ናት? በዚህ ዝርያ ሴቶቹ በወንዶቹ ላይ የበላይ ናቸውና እሷን ተከታተሉ። የጠላታችሁ አካሄድ ከዚህ ይወጣል።

ጀጎል ግንብ ላይ ደግሞ ጅቦች ሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሏቸዋል። ከተማው ግንቡን አላፈረሰም፣ ጅቡንም ፈጽሞ አልዘጋበትም፤ በየት በኩል እንደሚገባ ወሰነለት። ጅቡም የመንገዱን ትርፍራፊ ያጸዳል። አዛዧ የምትፈርመው ውል ይህን ቀዳዳ መምሰል አለበት።

ችግሩን በኪሎ ጻፉት። «አየር እያለቀ ነው» ማለት ብቻውን ማንንም አያስጨንቅም። አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈጃል። 40 ሰው የጫነ መንኮራኩር በቀን 33.6 ኪሎ ይፈልጋል፤ ታንኩ ውስጥ 500 ኪሎ ከቀረ 15 ቀን አይሞላም። ጀማሪ የሚስተው ግን ሌላ ነው። አየር ማጣሪያው ከተበላሸ፣ ኦክስጅኑ ከማለቁ በፊት ሰው የሚጎዳው ራሱ በሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፦ ራስ ምታት፣ ድብታ፣ ከዚያ የሐሳብ መምታታት። አዛዧ ስትፈርም ራሷን እያመማት ይሁን። ያኔ ምክትሏ «ይህን የወሰንሽው በጤናሽ አይደለም» ሲላት እውነት ሊሆን ይችላል፤ አንባቢም ከማን ጋር እንደሚቆም ይቸገራል። ለምክትሉ ደካማ ክርክር አትስጡት። ከሁሉ የጠነከረውን መከራከሪያ እሱ ይያዝ።

ጠላትስ ምን አጣ? ትርፍ ማጣሪያ ያለው፣ መውጫ መንገዱን ግን የማያውቅ ይሁን። እሱም ቀን ይቆጠርበት፤ የሁለቱ ቀን ግን እኩል አይሁን። ቀድሞ የሚያልቅበት ወገን ለውሉ ይቸኩላል፣ መቸኮሉንም ይደብቃል። ድርድሩን የሚያስኬደው ይህ መደበቅ ነው።

ሁለቱንም የሚያሰጋው ሦስተኛ አደጋ ከሩቅ ይምጣ። ለድሬዳዋ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ደርቆ ሳለ ዝናቡ ደጋው ላይ ይጥልና ጎርፉ ሌሊት ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋው እንዲህ ነው። በታሪኩም አደጋውን ራሱን ሳይሆን፣ ከመድረሱ በፊት ማን ምን እንደሰማ ጻፉ።

አሁን መንኮራኩሮቹ ይገናኙ፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ድሬ ላይ ጉዳዩ በዓይን ይታያል፦ የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1,000 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአዲሱ 1,435። የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም። ጠላት የሠራው በር እንዴት በእናንተ በር ላይ ገጠመ? መልሱን ከእውነተኛው ታሪክ ውሰዱ። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን፣ የአሜሪካው አፖሎና የሶቪየቱ ሶዩዝ ሕዋ ላይ ተጋጠሙ። ቀድሞ በነበረው አሠራር የአንዱ መንኮራኩር ዘንግ በሌላው ጉድጓድ ውስጥ ይገባ ነበር። ለዚህ ጉዞ ግን ሁለቱም ወገን ተመሳሳይ የመገጣጠሚያ ቀለበት ሠራ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት መሪ ቅጠሎች ነበሩ፣ ገፊውም ሆነ ተቀባዩ ማንኛቸውም መሆን ይችሉ ነበር። በታሪካችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀለበት ከሌለ፣ ማን ገፊ ማን ተቀባይ ይሁን የሚለው ራሱ የአንድ ሌሊት የክብር ጠብ ይሆናል፤ እኛ ይህን እንመርጣለን።

አየራቸውም አይመሳሰልም ነበር። አፖሎ ውስጥ የነበረው ንጹሕ ኦክስጅን ግፊቱ የምድር አየር ሲሶ ያህል ነው። ሶዩዝ ደግሞ እንደ ምድራችን የናይትሮጅንና የኦክስጅን ድብልቅ፣ በሙሉ ግፊት ይይዝ ነበር። ከሶዩዝ ወደ አፖሎ በቀጥታ የሚሻገር ሰው ደሙ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራበት ይችላል። ስለዚህ በመካከል ግፊት የሚስተካከልበት ክፍል ገባ፤ ሶዩዝም ግፊቱን ወደ ሁለት ሦስተኛ ያህል ዝቅ አደረገ።

የታሪኩን እምብርት በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አድርጉት። የሁለቱ ወገን በሮች ባንድ ጊዜ አይከፈቱም። አዛዧ ስትገባ ከኋላዋ ይዘጋል፤ ከፊቷ ያለውን የሚከፍተው ጠላት ነው። ግፊቱ እስኪስተካከል ጆሮዋ ይደፈናል፣ ምራቋን ትውጣለች፣ የግፊት መለኪያውን መርፌ ታያለች። ለዚህ ጥበቃ ቢያንስ አንድ ገጽ ስጡት።

ንግግሩ ሲጀመር ሁሉን የሚተረጉም መሣሪያ አታምጡ። በ1967ቱ ጉዞ አሜሪካኖቹ ሩሲያኛ፣ ሶቪየቶቹ እንግሊዝኛ ይናገሩ ነበር፤ እያንዳንዱ በሰሚው ቋንቋ። የተሰባበረ ንግግር ጥንቃቄን ያሳያል። አማርኛችን ደግሞ ሌላ መሣሪያ አለው፦ «አንተ» እና «እርስዎ»። አዛዧ የድሬ ልጅ ከሆነች «አንተ» በአፏ ላይ ስድብ አይደለም፤ ጠላት ግን እንደ ስድብ ይሰማዋል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ እንዳለው፣ እሱም አንቱታን ይጠይቅ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሁሉ በሚያስፈልጋት ሰዓት፣ «እርስዎ» ትበለው። ሁለተኛ ከደገመችው ዋጋው ይረክሳል።

ርቀትንም ተጠቀሙበት። ብርሃንም ሬዲዮም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። መንኮራኩሮቹ 900,000 ኪሎ ሜትር ሲራራቁ ጥያቄው በ3 ሰከንድ ይደርሳል፣ መልሱ ከ6 ሰከንድ በፊት አይመጣም። በ9ኛው ሰከንድ ከመጣ ጠላት 3 ሰከንድ አመንትቷል ማለት ነው፤ አዛዧ ትቁጠር።

ውሉ ከሦስት ነገር አይብለጥ፦ ማን ምን ይሰጣል፣ እስከ መቼ፣ መያዣው ምንድን ነው። መያዣው ሰው ይሁን፤ ለምሳሌ የማጣሪያ ጥገና የሚያውቀው አንድ ሰው ከጠላት ዘንድ ይቆይ። ዕቃ ብቻ ሲሆን ውሉ ሲፈርስ ማንም አይታመምም። የሚፈርስበትንም ሰዓት ከመጀመሪያው ገጽ ወስኑ፦ የጠላት ችግር የሚፈታበት ሰዓት ነው። አዛዧ ይህን ታውቃለች። ሳታውቅ ከተከዳች ሞኝ ትሆናለች፤ እያወቀች የመያዣውን ሰው አስቀድማ ለማስመለስ ስትጣደፍ ግን አንባቢ አብሯት ይሮጣል።

ሲለያዩ በመካከል ያለው ክፍል አየር ወደ ሕዋ ይወጣል። የፍንዳታ ድምፅ አትጨምሩ፤ ውጭ ድምፅ የሚሸከም አየር የለም። አዛዧ የምታየው የግፊት መለኪያው መርፌ ወደ ዜሮ ሲወርድ ነው። እዚያ ላይ አቁሙ።