ውሻ ምን ይሆናል? ወደ ጣና ዳር ለወፍ ስንወጣ የምንሠራቸው የጓዝ ስህተቶች

አባቴ ቆቅ አዳኝ ነበር። ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ቆሎውን በኪሱ ይዞ፣ ውሻውን አስከትሎ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ለራሱ የሚይዘው ነገር ልክ ልኩን ያውቃል። ለውሻው ግን ምንም አይዝም። እናቴ “ይሄ እንስሳስ ምን ሊቀምስ ነው?” ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ “ውሻ ምን ይሆናል!”

እኔ ጠመንጃውን አልወረስኩም። የምይዘው አቅርቦ ማያ መነጽርና ካሜራ ነው። ውሻ ግን አለኝ፣ መከታ ይባላል። ከባሕር ዳር ወጣ እያልን ከእንፍራንዝ ወንዝ ዳርቻ እስከ ፎገራ ሜዳ ዞረናል። ለአደን የሚወጣውም ለማየት የሚወጣውም ጓዙ ብዙ አይለያይም፤ ስለዚህ ሁለታችሁንም እያሰብኩ ነው የምጽፈው። የሠራኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የአባቴን አባባል ከነትከሻው ንቅናቄ ስለወረስኩ የመጡ ናቸው።

ወረቀቱን ቤት ጥሎ መውጣት

ከጓዝ ሁሉ የሚቀድመው ወረቀት ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። “ቆቅ እኮ ናት፣ ማን ያያል” የሚል ሰው አይጠፋም። ቆቅም የዱር እንስሳ ናት። በዚያ ላይ የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። የቱ ቦታ ይፈቀዳል፣ የትኛው ወፍ፣ በየትኛው ወር የሚለውን ከመነሳታችሁ በፊት የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። የጠመንጃው ፈቃድ ደግሞ ለብቻው ነው። ካልተሳካ መነጽር ይዛችሁ ውጡ፣ ምንም አይቀርባችሁም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከአውሮፓ የሚመጡት ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ፎገራ ላይ ሲያርፉ ማየት ለኔ ከቆቅ ጥብስ ይበልጣል።

ሁለተኛው ወረቀት የውሻው የክትባት ካርድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ ሰውም ሆነ ውሻ አይተርፍም ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን ክትባቱን ትዝ የሚለን በጉዞው ዋዜማ ነው። የመጀመሪያ ክትባት በደንብ እስኪሠራ አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል፤ ከዚያም በወቅቱ መደገም አለበት። ገጠር ስትገቡ የየግቢው ውሻ ተሰብስቦ ይወጣባችኋል። ዱላ ያዙ፣ ለመማታት ሳይሆን በመሃል ለመዘርጋት። አንድ ሳሙናም ጓዛችሁ ውስጥ ይኑር። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ ነው። “ትንሽ ጫር ያደረገኝ ነው” ብሎ ማደር የለም።

ጣና አለ ብሎ ውሃ አለመያዝ

ይሄ የኔ ትልቁ ስህተት ነው። ወሩ ሚያዝያ ነበር። ባሕር ዳር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቷ ይበረታል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ለራሴ ሁለት ሃይላንድ ያዝኩ። ለመከታ ግን “ሐይቁ እዚያው አይደል እንዴ” አልኩ። አምስት ሰዓት ሲሆን ከውሃው ርቀን የታረሰ ማሳ መሃል ነበርን። መጀመሪያ ያለከልክ ጀመር፣ ይሄ ያለ ነው። ከዚያ ምራቁ ወፈረ፣ ተንዠረገገ። ድዱ ቀላ። ጥላ ባየ ቁጥር ይተኛል፤ ስጠራው ይነሳና ይንገዳገዳል።

ውሻ እንደኛ በመላ ሰውነቱ አያልበውም። ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከ40 ሲያልፍ አደጋ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ያልኳችሁን ምልክቶች ካያችሁ የቀኑ ጉዞ እዚያው ላይ አብቅቷል። ጥላ ውስጥ አስገቡት። ሆዱንና ብብቱን ጨምሮ መላ አካሉን በውሃ አርጥቡት፣ በባርኔጣችሁ አራግቡለት። ውሃ ትንሽ ትንሽ ስጡት እንጂ አፉን ፈልቅቃችሁ አታጠጡት። ቀዝቀዝ ብሎ ቢነሳም የእንስሳት ሐኪም ይየው፣ ጉዳቱ ውስጥ ለውስጥ ሊቆይ ይችላል። የኔን ያተረፉት ሁለቱ ሃይላንዶችና አንድ እረኛ ልጅ በጀሪካን ያመጣልን ውሃ ናቸው። ልጁ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና “ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ውሃ ለውሻ ነው እንዴ የሚያፈሱት?” ብሎ በሳቅ ሞተ። እኔም አባቴ ትዝ አለኝ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ውሻ ቁጭ ብሎ ውሎ እንኳ በኪሎው ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ በቀን ይፈልጋል። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ሳይሮጥ ከ1 እስከ 1.2 ሊትር ማለት ነው። ፀሐይ ላይ ሲሮጥ ከዋለ እጥፉም ላይበቃው ይችላል። እኔ አሁን ለመከታ ብቻ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን እይዛለሁ። የሚጠጣበት የላስቲክ ሳህንም አይረሳም፤ በእጅ መዳፍ ማጠጣት ግማሹን ለመሬት ማጠጣት ነው።

ሐይቁስ? ዳር ዳሩ ብዙ ቦታ ጭቃ ነው፤ አንዳንዱ ጋ እምቦጩ ሸፍኖታል። ውሃው ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም አረንጓዴ ነገር ከተንሳፈፈ ውሻው እንዲጠጣም እንዲዋኝም አትፍቀዱ። እንዲህ ዓይነቱ አልጌ መርዛማ ሊሆን ይችላል፣ ውሻን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። እናንተም ብትሆኑ ባዶ እግራችሁን አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ። የጎማ ቦት አድርጉ።

የቤቱን ፍርፋሪ ቋጥሮ መሄድ

ፌስታል ውስጥ የትናንት ወጥ፣ ከላዩ እንጀራ፣ ከተገኘ የዶሮ አጥንት። የውሻ ምግባችን ይሄ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ወጣችን ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራሉ፣ መብሰላቸውም መርዙን አያጠፋውም። አንድ ጉርሻ ላይጥለው ይችላል፤ ደጋግሞ ሲበላ ግን ይጎዳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ሲታኘክ እንደ ስንጥር ይሰነጠቃል፣ ጉሮሮም አንጀትም ይወጋል። ከተማ ውስጥ ቢያንስ ሐኪም አለ። ደንገል መሃል ሆናችሁ ግን ማንን ትጠራላችሁ?

ሌላው ጾም ነው። ሁዳዴ ላይ ከቤት የሚተርፍ ሥጋ የለም፤ ውሻውም ሳይጠየቅ አብሮ ይጾማል። ሽሮ በልቶ አሥር ኪሎ ሜትር ይሮጣል ብሎ መጠበቅ ግፍ ነው። እኔ የፎገራ ሩዝ እቀቅልና የተቀቀለ ሥጋ ወይም አጥንቱ በደንብ የተለቀመ ዓሣ እጨምርበታለሁ። ጨው የለ፣ ቅመም የለ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን “ለኔ እንዲህ ሠርተህልኝ ታውቃለህ?” ብላኛለች። መልስ አልነበረኝም።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ልክ ሊሮጥ ሲል ሆዱን መሙላት ጥሩ አይደለም፤ በተለይ ደረተ ጥልቅ ትልልቅ ውሾች ሆዳቸው ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል፣ ያ ደግሞ ገዳይ ነው። ዋናውን ምግብ ማታ ስጡት። ጠዋት ጥቂት ይቅመስ። ሲመለስና ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይብላ።

የሰውን መድኃኒት ለውሻ መያዝ

ውሻው ሲያነክስ አይተው ከኪሳቸው ፓራሲታሞል የሚያወጡ ሰዎች አውቃለሁ። አይሆንም። ፓራሲታሞልም፣ አይቡፕሮፌንም፣ ዲክሎፌናክም ለውሻ አደገኛ ናቸው። ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ምንም ኪኒን አትስጡት።

የምትይዙት ይሄን ነው፦ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ቁስል ማጠቢያ ሳላይን፣ ጓንት፣ ትንሽ መቀስ። እና ወረንጦ። ድሮ ትልልቆቹ ወረንጦውን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት የነበረው እንዲያው ለጌጥ አልነበረም። ግራሩ እሾህ አለው። ጭጎጎቱ ፀጉር ላይ ተጣብቆ ይቋጠራል። የደረቀ ሳር ጫፉ ጆሮና የእግር ጣቶች መሃል ይገባና ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይሄድም። ውሻው ራሱን ደጋግሞ ካራገፈ ወይም አንድ እግሩን ከላሰ እዚያው ቁሙና እዩት።

መዥገር ላይ ነጭ ጋዝ ማፍሰስ ወይም በክብሪት መለብለብ የተለመደ ነው። ስህተት ነው። መዥገሩን ከማስጨነቁም በላይ ውሻውን ያቆስለዋል። በወረንጦ ከቆዳው ጋር በተቻለ መጠን ተጠግታችሁ ያዙት፣ ሳትጠመዝዙ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። በጣታችሁ አትጨፍልቁት።

ሲባጎ አስሮ መጎተት

ሲባጎ ቆዳ ይቆርጣል፤ ሰንሰለት ደግሞ ይከብዳል፣ ቁጥቋጦም ይይዘዋል። ሰፋ ያለ የአንገት ቀበቶና ሦስት አራት ሜትር ጠንካራ ገመድ ይበቃል። ቀበቶው ላይ ስልክ ቁጥራችሁ ይጻፍ። ረጅም ሳር ውስጥ የምትለቁት ከሆነ ትንሽ ቃጭል እሰሩለት፤ የት እንዳለ በጆሯችሁ ትከተሉታላችሁ፣ ተኳሽ ካለም ውሻውን ከቆቅ ለይቶ ያውቃል። እኔ ግን ወፍ ለማየት ስወጣ ቃጭሉን ፈትቼ መከታን አስሬው ነው የምቀመጠው፤ ሳር ውስጥ የሚፈለፍሉትን ወፎች አንድ የተለቀቀ ውሻ ከጎጇቸው ያባርራቸዋል።

ገመዱ ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ጉማሬ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፣ ማታና ንጋት ላይ ለግጦሽ ወደ መሬት ይወጣል። ውሻ ደግሞ ዝም አይልም። ይጮህበታል፣ ጉማሬው ይነሳል፣ ውሻው ሮጦ የሚመጣው ወዴት ነው? ወደ ጌታው። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተው አስቡት።

የሰው ዶሮም አለ። አንድ ቀን መከታ ከእጄ አምልጦ አንዲት እናት ግቢ ገባና ባለ ጫጩት ዶሮ ነከሰባቸው። “የኔ ልጅ፣ ዶሮዋስ ዶሮ ናት፣ ጫጩቶቿን ማን ያሳድጋቸው?” አሉኝ። ዋጋውን ከፈልኩ፤ ኀፍረቱ ግን አልተከፈለም። ዝርዝር ብር መያዝም ከጓዝ ይቆጠራል።

ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ስትደርሱም እንዲሁ ነው። ውሻ ቅጥር ግቢ አይገባም። ዘጌን የመሰለ ቦታ ለመሳለም ካሰባችሁ መከታን የመሰለውን ቤት ተዉት።

መጓጓዣን ለጠዋቱ መተው

የባጃጅ ልጆች ውሻ አይተው “ጋሼ፣ ይሄንንማ አልጭንም” ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ማታውኑ ደውሉ፣ ተስማሙ፣ ወንበሩ ላይ የምታነጥፉት አሮጌ ጨርቅ ያዙ። በመኪና ከሆነ መስኮት ዘግቶ “አምስት ደቂቃ ነው” ብሎ ውሻ ትቶ መውረድ አይገባም። በታንኳ ከሆነ ደግሞ ውሻውን መጀመሪያ ባዶ ታንኳ ላይ አለማምዱት። ስልካችሁን ሁለት ፌስታል ውስጥ ጠቅልሉ። ከእኔ ተማሩ።

ቢላ መርሳት

ይሄ ለአዳኞች ብቻ ነው። ወፏ ሳትባረክ ከሞተች በክት ናት፤ ለሙስሊሙም እንዲሁ ትቀራለች። ስለዚህ ስለታም ቢላ ቅርብ ቦታ ይሁን፣ ከጓዝ ሥር አትቅበሩት። ውጭ አገር ውሻው የወደቀውን ወፍ በአፉ ለቅሞ እንዲያመጣ ያሠለጥኑታል። እኛ ጋ ውሻ አፉ ውስጥ የከተተውን ማን ይበላል? አባቴ ውሻውን የሚጠቀምበት ቆቋን ከሳር ለማስነሳት ብቻ ነበር። ስትወድቅ ራሱ ይሮጥ ነበር፣ ያውም ከውሻው ቀድሞ። ዳክዬና ዝይማ ከነጭራሹ ማዕዳችን ላይ አይቀርቡም፤ ጣና ላይ ያሉት ዳክዬዎች ይሄን ያወቁ ይመስል ተዝናንተው ነው የሚዋኙት።

ቤት ደርሶ ውሻውን ግቢ ለቅቆ መተኛት

ደክሟችኋል፣ ቦቱ ጭቃ ነው፣ ቡና ተፈልቷል። እዚህ ጋ ነው ሁላችንም የምንሰንፈው። ቡናው ትንሽ ይጠብቅ። የእጅ ባትሪ አብሩና ጆሮውን ከውስጥ፣ ብብቱን፣ የጣቶቹን መሃል፣ የጭራውን ሥር እዩ። መዳፉን በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ የተሰነጠቀ ካለ ለዩት። ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ከነበረ መላ ሰውነቱን እጠቡና አድርቁ። ባለፈው ከፎገራ ስንመለስ ከመከታ ላይ ስምንት መዥገር አወጣሁ፤ ሰባቱ ጆሮው ውስጥ ነበሩ። ስምንተኛውን ያገኘችው እናቴ ናት፣ መነጽሯን አድርጋ፣ በራሷ ወረንጦ።